በየትኛው አንቀጽ?

በ2017 መጀመሪያ ካዛንቺስ ሊፈርስ ነው ሲባል እንደ ብዙው የአዲስ አበባ ሰው እኔም ለመሰናበት ሄጄ ነበር። ልቅሶ ቤት የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያውቀውን ፊት ይፈልግ የለ? እኔም ከቶታል ወደ ዑራኤል በሚወስደው መንገድ ዳር ዳሩን ይዤ የማውቀው ፊት ስፈልግ፣ ጥላ ሥር የተቀመጠ አንድ ማመልከቻ ጸሐፊ «መምህር!» ብሎ ጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ወረቀት፣ ሁለት እስክሪብቶና ከመደጋገም ብዛት ጠርዙ ያለቀ ነጋሪት ጋዜጣ አለ። ከወንበሩ ጀርባ ክራንች ተደግፏል። ሰውየውን ያወቅሁት ክራንቹን ካየሁ በኋላ ነው።

በ1997 የማታ ተማሪዬ ነበር። ስሙን ልተወውና ሳጅን እንበለው፤ የኮሌጁም ስም ይቅር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት መኪና ሰርቀው የሚያመልጡ ሰዎችን ሲያሳድድ የተሳፈረበት ፒክ አፕ ተገልብጦ ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆርጧል። የሕክምና ቦርድ አይቶት፣ ዩኒፎርሙን አስረክቦ ጡረታ ከወጣ በኋላ ነው አማርኛ ለመማር የተመዘገበው። «ሌባ ማሳደድ ቢያቅተኝ ልጅ ማስተማር አያቅተኝም፤ ቆሜ ባልችል ተቀምጬ አስተምራለሁ» ይል ነበር።

የሴሚስተሩ አጋማሽ ላይ ክፍያ ያላጠናቀቁ ተማሪዎች ዝርዝር ከሬጅስትራር መጣልኝ። ስም እየጠሩ ማስወጣት የመምህሩ ሥራ ነበር። የእሱም ስም ነበረበት፤ ጠራሁት። ክራንቹን ሰብስቦ ሲወጣ ክፍሉ ጸጥ አለ። ደረጃውን ወርዶ እስኪጨርስ ድምፁ ይሰማን ነበር። ከዚያ ትምህርቴን ቀጠልኩ። በሴሚስተሩ ማብቂያ ከስሙ ፊት ለፊት «ኤን ጂ» ብዬ ጻፍኩ። ዳግመኛ አላየሁትም፤ እውነቱን ለመናገር አልፈለግሁትምም።

ከሃያ ዓመት በኋላ ካዛንቺስ መንገድ ዳር ቁጭ ብለን ሻይ ስንጠጣ፣ ምክንያቱን እያወቅሁ «ያኔ ለምን ቀረህ?» አልኩት። አልተቀየመኝም። «ለትምህርቱ እንዲከፍሉልኝ አመልክቼ ነበር። ሰዎቹ ክፉ አልነበሩም፣ አዝነውልኛል። ‹ግን በየትኛው አንቀጽ እንክፈልህ?› አሉኝ። እኔም አንቀጹን ፈልጌ ፈልጌ አጣሁት» አለኝ።

ይህች ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣ አለች። እኔ የሥነ ጽሑፍ ሰው እንጂ የሕግ ሰው አይደለሁም። ቢሆንም ሥራ ላይ ለቆሰለ አገልጋይ ይህ አገር በየዘመኑ ምን ሲሰጠው እንደኖረ ወደ ኋላ ተመልሼ ማየት ጀመርኩ።

በጥንቱ ሥርዓት መልሱ መሬት ነበር። ወታደሩ በወር የሚቆጠር ደመወዝ ሳይሆን ማደሪያ ነበረው። ከገባሩ ላይ እየበላ ይኖራል፤ ሲቆስልም ሲያረጅም ማደሪያው እንዳይነጠቅ ይለምናል። ሲሞት ለልጁ ይተላለፍ አይተላለፍ የጌታው ፈቃድ ነው። «ፈቃድ» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ። ደጅ ጥናት የሚባለው ትልቁ ተቋማችን ያደገው በእሷ ላይ ነው። የቆሰለው ሰው ማልዶ ከጌታው ደጅ ይቆማል፤ ጌታው ካየው አየው፤ ካላየው ነገም ይመጣል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አዲስ አበባን መጠበቅ የጀመረው የአራዳ ዘበኛም የተወለደው ከዚሁ ሥርዓት ውስጥ ነው።

ቀጥሎ ጣሊያን መጣ። እዚህ ላይ ካዛንቺስ ራሷ ምስክር ትሆነናለች። ስሟ «ካዛ ኢንቺስ» ከሚለው የጣሊያንኛ አጠራር የመጣ ነው። «ካዛ» ቤት ነው፤ «ኢንቺስ» ደግሞ በጣሊያን አገር በ1924 (እ.ኤ.አ.) የተቋቋመው የመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤቶች ተቋም ስም አሕጽሮት ነው። ብዙዎቻችን ሠርግና ተዝካር የበላንበት፣ ቁርጥና ሽሮ ያሳደደን ሰፈር ስሙ ሲፈታ «መንግሥት ለሠራተኞቹ የሠራው ቤት» ማለት ነው። እርግጥ ነው፣ ያ ቤት ለነጮቹ ነበር። ከተማዋን በዘር ከፍለው ሲያቅዱ የአገሩን ሰው ወደ ዳር ገፍተውታል። ወራሪ ደግ ነበር ልል አይደለም። ግን የራሱን ሹም እዚህ ድረስ ሲያመጣ ማደሪያውን በተቋም፣ በሕግና በበጀት ነበር ያሰበለት። ለሹሙ ቤት የሚሰጠው በደጅ ጥናት አልነበረም።

ከነጻነት በኋላ በ1934 በአዋጅ ቁጥር 6 ዘመናዊው የፖሊስ ሠራዊት ተቋቋመ። መኮንኖቹን የሚያሠለጥነው አባዲናም ጥቂት ዓመት ቆይቶ ተከፈተ። ለአገር ለተጎዳው ሰው የሚሰጠው መልስ ግን ገና መሬት ነበር። ለአርበኞች፣ ለስደተኞች፣ በኋላም ለሌሎች የመንግሥት አገልጋዮች አንድ ጋሻ፣ ማለት ወደ 40 ሄክታር የሚጠጋ መሬት እንዲሰጥ በየጊዜው ትእዛዝ ወጥቷል። ትእዛዙ ወጣ እንጂ መሬቱ በየሰው እጅ አልገባም። ብዙዎቹ ወረቀታቸውን ይዘው በየጠቅላይ ግዛቱ መሬቱን የሚመራቸው ሹም ፍለጋ ተንከራተዋል። ያው ደጅ ጥናት በማኅተም መጣ ማለት ነው።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1955 ነው። በዚያ ዓመት ግንቦት ወር የአፍሪካ መሪዎች ከካዛንቺስ ሥር ባለው የአፍሪካ አዳራሽ ተሰብስበው የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን መሠረቱ፤ ዓለምም ጆሮውን ወደዚያ ሰጠ። በዚያው በ1955 ግን ብዙ ሰው ያላየው አንድ አዋጅ ቁጥር 209 ተብሎ ወጣ፤ የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ። ከዚህ በኋላ ወታደሩም ፖሊሱም ሲቪሉም ሲያረጅ ወይም ሥራ ላይ ሲጎዳ የሚደርሰው ነገር በመቶኛ ተጻፈ። ገንዘቡ ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ችሮታ መሆኑ ቀርቶ መብት ሆነ። ቂመኛ አለቃ ሊከለክለው፣ ደግ አለቃም ሊጨምርለት አይችልም። በእኔ ግምት ያ አዋጅ ለተራው የመንግሥት አገልጋይ ከብዙ ጦርነት ድል የበለጠ ነገር ሠርቶለታል።

ታዲያ ጉድለቱ የት ላይ ነው? ሳጅን ጠርዙ ባለቀው ነጋሪት ጋዜጣው ያሳየኝ እሱን ነበር። በእጁ የያዘው የ2003ቱን የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 714 ነው። (የ1955ቱ በ1995 በአዋጅ ቁጥር 345፣ እሱም በ2003 በዚህ ተተክቷል፤ ይህም በተራው በ2014 በአዋጅ ቁጥር 1267 ተተክቷል።) በ714 መሠረት ሥራ ላይ ተጎድቶ ከእንግዲህ መሥራት አይችልም የተባለ ሰው፣ ከመጎዳቱ በፊት ሲያገኝ ከነበረው የወር ደመወዝ 47 በመቶው ዕድሜ ልክ ይከፈለዋል። ደመወዙ 3,000 ብር ከነበረ 1,410 ብር ማለት ነው። ተጎድቶ ነገር ግን መሥራት የሚችል ከሆነ ደግሞ አንድ ጊዜ የሚከፈል ዳረጎት ያገኛል። ስሌቱም ያው 47 በመቶ በ60 ወር ተባዝቶ፣ እንደገና በጉዳቱ መጠን ይባዛል።

«አዩት መምህር?» አለኝ ሳጅን። «አትችልም ካሉኝ በየወሩ ይከፍሉኛል። ትችላለህ ካሉኝ አንዴ ከፍለው ይሸኙኛል። ‹ብትማር ትችላለህ› የሚል ሦስተኛ ዓይነት ሰው ግን የለም።»

ሃያ ዓመት ሙሉ የሌላውን ሰው ማመልከቻ ሲጽፍ የኖረ ሰው ከብዙ መጽሐፍ የተሻለ አስረዳኝ። ጡረታ የተሠራው ላረጀ ሰው ነው። ያረጀ ሰው ሥራውን ጨርሷል፤ የሚያስፈልገው እህልና ዕረፍት ነው። በ27 ዓመቱ እግሩን ያጣ ፖሊስ ግን አላረጀም። ሕጉ የጠፋውን እግር በመቶኛ ይለካል፤ የቀረውን ጭንቅላት ግን የሚለካበት ዓምድ የለውም። የልጆቹም ነገር ያው ነው። ያ የ2003 አዋጅ ለሟች ልጅ የሚከፈለው አበል፣ ልጁ አካል ጉዳተኛ ካልሆነ በቀር፣ 18 ዓመት ሲሞላው እንዲቋረጥ ነበር የደነገገው። ልክ ኮሌጅ በር ላይ ሲደርስ ማለት ነው።

«ድሀ አገር ነን፤ ለተጎዳ ሰው ትምህርት ማሰብ ቅንጦት ነው» የሚል አይጠፋም። ታሪካችን ግን እንዲህ አይልም። ደርግ ብዙ ኃጢአት አለበት፤ ይህን የምጽፈው እኔም በዚያ ዘመን ያደግሁ ነኝ። ነገር ግን በሶማሊያ ጦርነት ለሞቱ ሰዎች ልጆች በአላጌ የሕፃናት አምባን ሠርቶ ነበር። ከ1971 ጀምሮም በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች ወደ ኩባ ተልከው፣ የወጣቶች ደሴት በምትባለው ቦታ በተከፈቱላቸው ትምህርት ቤቶች ተምረዋል። ከነዚያ ልጆች ሐኪም የወጣ አለ፣ መሐንዲስ የወጣ አለ፤ እስፓኒሽ እንደ አማርኛ የሚናገሩ አዲስ አበቤዎች ስታገኙ ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው። እንግዲህ ከዛሬው በደኸየንበት፣ ጦርነትም ላይ በነበርንበት ጊዜ «አባትህ ለአገር ሞቷልና እስከ ዩኒቨርሲቲ ተማር» ተብሎ ያውቃል።

ችግሩ ይህም የመንግሥት ችሮታ እንጂ የዜጋ መብት አለመሆኑ ነበር። በ1983 መንግሥቱ ሲወድቅ ችሮታውም አብሮ ወደቀ። ኩባ የነበሩት ልጆች አሳዳሪ መንግሥታቸው ባንድ ጀምበር ጠፋባቸው። የሕፃናት አምባ የነበረው አላጌም በኋላ የግብርና ኮሌጅ ሆነ። ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ የቀድሞ ሠራዊት አባል ተበተነ፤ ኮሚሽን ተቋቁሞ ወደየቀዬው ለመመለስ ቢሞከርም አካላቸውን ያጡት ብዙዎቹ ከተማ ቀሩ። የዚያን ዘመን ዑራኤልን፣ ቂርቆስን፣ እስጢፋኖስን ያየ ሰው ያስታውሳል። የደንብ ልብስ ቅዳጅ የለበሱ፣ ከነክራንቻቸው በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር የተደረደሩ ሰዎች ነበሩ። ከመካከላቸው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ የነበሩም ነበሩባቸው። እኔ ያኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ። አንዱ የእኔን መጽሐፍ አይቶ «እኔም እስከ አሥራ ሁለት ተምሬ ነበር» ያለኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ሳንቲም ሰጥቼው አለፍኩ።

ከዚያ ወዲህ ሕግ አልጠፋም። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን ለማቋቋምና ለመርዳት እንዲጥር ያዛል። በ2000 አካል ጉዳተኞች በሥራ እንዳይገለሉ የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568 ወጣ። በ2002 ደግሞ ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676 አጸደቀች። ሁሉም ጥሩ ናቸው። ለሳጅን የማታ ክፍያ ደረሰኝ ግን የትኛውም በቂ አልነበረም፤ ምክንያቱም ሒሳብ ሹም በጀት የሚያወጣው በተጻፈ ትእዛዝ እንጂ በመልካም ሐሳብ አይደለም። በዚያው ዘመን ደግሞ ትምህርት ራሱ ዋጋ እያወጣ ሄደ። እኛ የተማርንበት ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ለገባ ሰው ምግቡም አልጋውም በነጻ ነበር። ከ1996 ጀምሮ የወጪ መጋራት መጣ። ለማታ ተማሪ ግን ድሮም ነጻ አልነበረም፤ በክሬዲት እየተቆጠረ ይከፈላል። ልጅ ይዞ፣ ጡረታ ይዞ፣ ክራንች ይዞ የሚማር ሰው ደግሞ የሚማረው ማታ ነው።

ሌላው ዓለምስ? አሜሪካኖች ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገና ሳያልቅ፣ በ1943 (እ.ኤ.አ.) ለአካል ጉዳተኛ ወታደሮቻቸው የሙያ ሥልጠና ሕግ አወጡ። በ1944 ደግሞ ለተመላሹ ወታደር ሁሉ የትምህርት ክፍያ የሚሸፍነውን ሕግ አስከተሉ። በ12 ዓመት ውስጥ ወደ 7.8 ሚሊዮን ሰው በዚህ ሕግ ተማረ ወይም ሠለጠነ፤ ከነሱም 2.2 ሚሊዮን የሚሆኑት ኮሌጅ ገብተዋል። ሁሉም እኩል አልተጠቀመም፤ ጥቁር ወታደሮች ሕጉ የሰጣቸውን በር ላይ የቆመ ሹም ብዙ ጊዜ ከልክሏቸዋል። እዚያም ደጅ ጥናት ነበር ማለት ነው። ወደ ፖሊሱ ለመምጣት ደግሞ ሃምሳ ዓመት ፈጅቶባቸዋል። ሥራ ላይ ለሞቱ ወይም ለዘለቄታው አካለ ጎዶሎ ለሆኑ የፌዴራል ፖሊሶች ትዳር ጓደኞችና ልጆች የኮሌጅ ድጋፍ የሚሰጠው ሕግ የወጣው በ1996፣ ወደ ከተማና ክፍለ ግዛት ፖሊሶች ቤተሰብ የሰፋው ደግሞ በ1998 (እ.ኤ.አ.) ነው። ሀብታሞቹም ቢሆኑ እዚህ ለመድረስ ዘግይተዋል፤ ሲደርሱ ግን በአንቀጽ ጽፈውታል።

«ለፖሊስ ምን ያንገበግብሃል?» የሚለኝ አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። ካዛንቺስ ላደገ ልጅ «ስድስተኛ» ማለት ፖሊስ ጣቢያው ነበር፤ እናቶች የሚያስቸግር ልጅ የሚያስፈራሩበት ቃል ነው። ፖሊስን ከነጥፋቱ ለማወደስ ብዕር አላነሣሁም። እንዲያውም የምለው ተቃራኒውን ነው። ሰው በቆሰለ ማግስት እንደሚጣል እያየ የሚያድር ሠራዊት ዜጋን አክብሮ ሊያድር አይችልም። የሚደርስበትን የሚያውቅ፣ ቢጎዳ መጽሐፍ እንደሚሰጠው የተነገረው ፖሊስ ግን ሕግ ምን እንደሆነ በራሱ ሕይወት ያውቀዋል። ነገሩም ለፖሊስ ብቻ ይሁን አልልም። እሳት ውስጥ የሚገባው የእሳት አደጋ ሠራተኛም፣ የማረሚያ ቤት ጥበቃውም በአንድ አንቀጽ ሊታቀፉ ይችላሉ።

«ገንዘቡስ?» የሚለውም ተገቢ ጥያቄ ነው። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይላል ያገሬ ሰው። በዚያው በ2003ቱ አዋጅ መንግሥት ለሲቪል ሠራተኛ ጡረታ የሚያዋጣው ደረጃ በደረጃ 11 በመቶ ሲደርስ፣ ለወታደርና ለፖሊስ 25 በመቶ እንዲደርስ ነበር የተደነገገው። የሥራው ጠባይ የተለየ መሆኑን ሕጉ ራሱ ያውቃል ማለት ነው። የምጠይቀው አዲስ ዩኒቨርሲቲ እንዲሠራ አይደለም፤ ክፍሉም መምህሩም አለ። ማታ የምናስተምርበት ክፍል ውስጥ ሁሌም ባዶ ወንበር ነበር። በመንግሥት ኮሌጅ የአንድ አካል ጉዳተኛ ፖሊስ ክፍያ እስከ መጀመሪያ ዲግሪ ይሸፈንለት፤ እስኪማር አበሉ አይነካበት፤ ሲጨርስ ተምሮ ሠራ ተብሎ አይቀጣ። በቃ። ሦስት መስመር ነው።

ሳጅን ካዛንቺስ የነበረው የቀበሌ ቤት ነበር። በየወሩ ከሚቀበለው አበል ይልቅ ከተማ መሐል ያቆየው ያ በጥቂት ብር ኪራይ የሚኖርበት ቤት እንደሆነ ነገረኝ። በዚያ ሰሞን ከጎረቤቶቹ ጋር ወደ ገላን ጉራ ሊሄድ ዕቃውን እያሰረ ነበር። «ቤቱ እንኳ ከድሮው ይሻላል፤ እዚያ ግን ማመልከቻ የሚያጽፍ ሰው አገኝ ይሆን?» አለኝ።

ከመለያየታችን በፊት አንድ ማመልከቻ እንዲጽፍልኝ ጠየቅሁት፤ እንደማንኛውም ደንበኛ ልከፍለው። ሳቀና ወረቀቱን አስተካከለ። በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፉ፣ እኔ ሳልጨርስ በሰረዝኩት የፈተና ወረቀት ላይ የማውቀው ጽሑፍ ነው፣ «ጉዳዩ፦ በሥራ ላይ ጉዳት ለደረሰባቸው የፖሊስ አባላት የትምህርት ክፍያ የሚሸፍን አንቀጽ እንዲጨመር ስለመጠየቅ» ብሎ ጻፈ። ከዚያ እስክሪብቶውን አንሥቶ አየኝ።

«ለማን ተብሎ ይጻፍ መምህር?»

አላወቅሁም። «እሱን ክፍት ተወው» አልኩት። ሒሳቡን አልቀበልም አለኝ። ወረቀቱ አድራሻው ባዶ እንደሆነ እስከ ዛሬ ጠረጴዛዬ ላይ አለ፤ ይህንንም የጻፍኩት አድራሻውን የሚያውቅ አንባቢ ቢገኝ ብዬ ነው።